እባብ ያየ በልጥ በረየ፦ የተለመዱ ፍርሃቶችና ፎቢያዎች ከየት ይመጣሉ?

(ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬውን ገለጻ በአንድ የቆየ ተረትና ምሳሌ እጀምራለሁ። አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ከተማ ተወልዳችሁ ላደጋችሁት ለማስረዳት ያህል፣ ልጥ ከዛፍ ቅርፊት ተልጦ ለማሰሪያ የሚውል ነገር ነው፤ መሬት ላይ ተጣጥፎ ወድቆ በድንግዝግዝ ሲያዩት እባብ ይመስላል። ምሳሌው ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው አንድ ጊዜ የደነገጠ ሰው ከዚያ ወዲያ ለማይጎዳውም ነገር እንደሚደነግጥ ለማስረዳት ነው። እኔ ግን የሥነ ልቦና መግቢያ ኮርስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህችን አጭር አባባል ደጋግሜ ሳያት ከተለመደው ፍቺዋ የሰፋ ነገር እንደያዘች ተገንዝቤያለሁ። ፍርሃት ከአንድ ነገር ተነሥቶ ወደሚመስለው ሌላ ነገር እንደሚዛመት ትናገራለች። ከሚያስፈሩ ነገሮች ሁሉ መርጣ የጠራችው እባብን ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚገርመኝ ደግሞ «ያየ» ማለቷ ነው፤ «የተነደፈ» አላለችም።

አንድ ሰው ውሻን ወይም ከፍታን ከልክ በላይ ሲፈራ ብናይ፣ «በልጅነቱ አንድ ነገር ደርሶበት መሆን አለበት» ብለን እናልፋለን። ማብራሪያው ቀላልና አጥጋቢ ስለሚመስል ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህ ማብራሪያ ፍርሃቶቻችንን ሁሉ እንደማይሸፍን፣ ብዙ ፍርሃቶች ከሌላ ሰው ዓይን፣ ፊትና አንደበትም እንደሚመጡ ነው። ይህ ልዩነት ለወላጅ፣ ለአስተማሪና ለጤና ባለሙያ ትርፍና ኪሳራ አለው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ሁለት ቃላትን ልለይ። ፍርሃት በሽታ አይደለም። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የማይሠጋ፣ የተቆጣ ውሻ ሲመጣበት ልቡ የማይመታ ሰው ዕድሜው አጭር ነው። ፎቢያ የምንለው ከአደጋው መጠን ጋር የማይመጣጠን፣ ወራትንና ዓመታትን የሚዘልቅ፣ ሰውየው ራሱ ከልክ ያለፈ መሆኑን ብዙ ጊዜ እያወቀ ሊገታው ያልቻለ፣ ኑሮውንም የሚያውክ ፍርሃት ነው። በ22 አገሮች ተካሂደው በአንድነት የተተነተኑ የዳሰሳ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከ100 ሰዎች 7 ያህሉ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ፎቢያ ይዟቸዋል፤ በሴቶችም ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል። የሚጀምርበት ዕድሜ ለየቅል ነው። ላርስ ዮራን ኦስት የተባለ የስዊድን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት የእንስሳት ፍርሃት በአማካይ በ7 ዓመት፣ የደም ፍርሃት በ9፣ የጥርስ ሕክምና ፍርሃት በ12፣ የተዘጋ ጠባብ ቦታ ፍርሃት ደግሞ በ20 ዓመት ገደማ እንደሚጀምሩ አመልክቷል። ሁሉም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ቢሆኑ ኖሮ ዕድሜያቸው እንዲህ ባልተራራቀ ነበር።

አሁን ወደ ምሳሌያችን የመጀመሪያ ሐሳብ ልግባ። ፍርሃት እንደሚዛመት በቤተ ሙከራ አሳየሁ ያለው አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ዋትሰንና ተማሪው ሮዛሊ ሬይነር «አልበርት» ብለው በሰየሙት ሕፃን ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ሕፃኑ 9 ወር ገደማ ሲሆነው ነጭ አይጥ፣ ጥንቸል፣ ውሻና ሌሎችም ነገሮች ቀርበውለት አንዱንም አልፈራም። 11 ወር ሲሆነው ግን አይጡን በነካ ቁጥር ከኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ ይመታ ጀመር። ድምፁ ከአይጡ ጋር 7 ጊዜ ከተጣመረ በኋላ አልበርት አይጡን ብቻ አይቶ አለቀሰ፤ እየዳኸም ሸሸ። ከ5 ቀን በኋላ ጥንቸሉንም፣ ውሻውንም፣ የፀጉር ካፖርቱንም ፈራ። በእንጨት መጫወቻዎቹ ግን እንደ ወትሮው ይጫወት ነበር። እነሆ፣ ልጥ እባብ ሆነ።

ይህ ሙከራ በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር ሚዛን አይፈቀድም፤ የሕፃኑም ፍርሃት ሳይፈታለት ከሆስፒታሉ ወጥቷል። ከሥነ ምግባሩ ባሻገር ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስጠነቅቀው ሌላ ነገር አለ። መማሪያ መጻሕፍት ታሪኩን ሲቀባበሉት አሳምረውታል። ጥናቱ የአንድ ሕፃን ብቻ ነው። የዋትሰንና የሬይነር ጽሑፍ ራሱ ሲነበብ ደግሞ የአልበርት ፍርሃት አንዴ ጎላ፣ አንዴ ደብዘዝ የሚል እንደነበር፣ አውራ ጣቱን ሲጠባም ጭራሽ ይጠፋ እንደነበር ይናገራል። በዚህ ቀጭን ገመድ ላይ ነው «ማንኛውም ነገር ከማንኛውም ድንጋጤ ጋር ቢጣመር ፎቢያ ይወልዳል» የሚለው ትልቅ ሐሳብ የተንጠለጠለው።

ገመዱም ብዙ ሳይቆይ ላላ። እንግሊዛዊው ቫለንታይን እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው ጽሑፍ የራሱን ትንሽ ልጅ ነገር ያወሳል። ልጅቱ የቲያትር መመልከቻ መነጽር ስትነካ ከኋላዋ ኃይለኛ ፊሽካ ቢነፋ ዘወር ብላ ከማየት በቀር መነጽሩን አልፈራችም። አባጨጓሬ ባየች ጊዜ ያው ፊሽካ ሲነፋ ግን ጮኻ ራቀች። ድምፁ አንድ ነው፤ ልጅቱም አንድ ናት፤ ልዩነቱ ድምፁ በተጣመረው ነገር ላይ ነበር።

ከቤተ ሙከራ ውጭ ሲወጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በኒውዚላንድ ደኒዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1,000 የሚበልጡ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በየጊዜው ሲመረመሩ አድገዋል። ሪቺ ፖልተንና ባልደረቦቹ በዚህ መዝገብ ተጠቅመው አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ ጠየቁ፦ በልጅነታቸው ወድቀው ክፉኛ የተጎዱት ሲያድጉ ከፍታን ይፈራሉን? መልሱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ። በ18 ዓመታቸው የከፍታ ፎቢያ ከነበራቸው መካከል ከ9 ዓመቱ በፊት ከባድ የመውደቅ አደጋ የደረሰበት አንድም አልተገኘም። ከ5 እስከ 9 ዓመት ባለው ዕድሜ ወድቀው የተጎዱት በብዛት የተገኙት ከፍታን ከማይፈሩት ወገን ነው። ነገሩን ቆም ብላችሁ ስታስቡት ምክንያታዊ ነው፤ ዛፍ ላይ የሚወጣው የማይፈራው ልጅ ነው፤ የሚወድቀውም የወጣው ነው። ፍርሃቱ ከአደጋው ቀድሞ ነበረ ማለት ነው። ይህን ግኝት ከመኪና አደጋ ወይም ከውሻ ንክሻ በኋላ ለሚጀምሩ ፍርሃቶች ሁሉ ልንሰጠው አይገባም፤ እንዲህ ያሉት ከደረሰ ጉዳት በቀጥታ የሚወለዱ ናቸው። ነገር ግን «አንድ ነገር ደርሶበት ነው» የሚለው መልስ ለብዙ ሰው የማይሠራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ መረጃ አላውቅም።

ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ልለፍ። ለምን እባብ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ በእባብ መነደፍ የሚሞቱት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች ናቸው። ይህ የገጠሩ ድኻ ገበሬ የተሸከመው ከባድ ሸክም ነውና አናቅለውም። ሆኖም የወባ ትንኝ በየዓመቱ 600,000 ገደማ፣ የመንገድ አደጋ ደግሞ ወደ 1.2 ሚሊዮን ሰው ይገድላሉ። ትንኝ አይቶ የሚያልበው፣ የቆመ ሚኒባስ አይቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ስንት ታውቃላችሁ? የኤሌክትሪክ ሶኬት ስንቶቻችንን ነዝሮናል፤ የሶኬት ፎቢያ ያለበት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ማርቲን ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ1971 ለዚህ የሰጠው መልስ «ዝግጁነት» የሚል ነው። የሰው ልጅ አእምሮ ሁሉንም ነገር በእኩል ፍጥነት ለመፍራት አልተሠራም፤ ለረጅም ዘመን ዘሩን ያሠጉትን እባብን፣ ከፍታን፣ ጨለማን፣ አውሬን የመሳሰሉትን ለመፍራት ቅርብ ሆኖ ይወለዳል። መኪናና ሶኬት ትናንት የመጡ እንግዶች ናቸው። በስዊድን አርኔ ኦማንና ባልደረቦቹ የእባብና የሸረሪት ሥዕል በአንድ ወገን፣ የአበባና የእንጉዳይ ሥዕል በሌላ ወገን አድርገው ከቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር አጣመሩ፤ ንዝረቱ ከቀረ በኋላ በቆዳ ላብ የሚለካው ድንጋጤ ለእባቡ ሥዕል ቶሎ አልከሰመም። ኋላ የተደጋገሙት ሙከራዎች ሁሉ ግን ይህን አልደገሙም። ሐሳቡ ራሱም የሚያሳስት ምቾት አለው፤ ሰው የሚፈራውን ማንኛውንም ነገር አንሥቶ «አያቶቻችንን ያሠጋ ነበር» ማለት ቀላል ነው። የሸረሪት ፍርሃት በጣም በተስፋፋበት በሰሜን አውሮፓ ሰው የሚገድል ሸረሪት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እኔ ዝግጁነትን የምቀበለው በልክ ነው፤ ልኩንም ያስቀመጡልኝ ሕፃናትና ጦጣዎች ናቸው።

በሕፃናቱ ልጀምር። ቫኔሳ ሎቡና ጁዲ ዴሎች በሠሩት ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በአበቦች መካከል የተሸሸገ እባብ ከሌላው ነገር ፈጥነው አገኙ፤ ልክ እንደ ዐዋቂዎቹ። ገና አንድ ዓመት ገደማ ለሆናቸው ሕፃናት የእባብና የሌሎች እንስሳት ፊልም ጎን ለጎን ሲታይላቸው ደግሞ፣ ድምፅ ከሌለ ለእባቡ የተለየ ትኩረት አልሰጡም። የሚሰማው ድምፅ የፈራ ሰው ድምፅ ሲሆን ግን እባቡን ረዘም አድርገው አዩ። ልብ በሉ፤ ሕፃኑ እባብን አልፈራም። የፈራ ድምፅ ሲሰማ «የት ነው?» ብሎ ዓይኑን የሚወረውርበት ቦታ ግን አለው። ይዘን የምንወለደው ይህን ይመስለኛል፦ ያላለቀ ፍርሃት፣ ሌላ ሰው መጥቶ እንዲጨርሰው የሚጠብቅ።

እዚህ ላይ ነው «ያየ» የምትለዋ ቃል ክብደቷን የምታሳየን። ሱዛን ማይኔካና ማይክል ኩክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሠሯቸውን ሙከራዎች ጊዜ ሰጥቼ ልተርክላችሁ፤ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ እጅግ የማደንቃቸው ናቸው። ሪሰስ የሚባሉት ጦጣዎች በዱር ተወልደው ካደጉ እባብን በጣም ይፈራሉ፤ በእባቡ ማዶ የተቀመጠ ምግብ እንኳ አይወስዱም። በቤተ ሙከራ ተወልደው ያደጉት ግን እጃቸውን በእባቡ ላይ አሻግረው ምግቡን ያነሣሉ። እንግዲያው እባብን መፍራት ተዘጋጅቶ የሚወለድ ነገር አይደለም። ታዲያ የቤተ ሙከራዎቹ ጦጣዎች፣ አንድ የዱር ጦጣ እባብ አይቶ ሲደነግጥ፣ ፊቱን ሲያጨማድድና ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ተመለከቱ። ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው ያዩት። ከዚያ ወዲህ እነሱም እባብን የዱሩን ጦጣ ያህል ፈሩ፤ ከ3 ወር በኋላ ሲፈተኑም ፍርሃቱ እንዳለ ነበር። አንዳቸውንም እባብ አልነደፋቸውም። አይተው ብቻ ነው።

ተመራማሪዎቹ ቀጠሉ። የፈራውን ጦጣ የቪዲዮ ምስል ቆራርጠው ቀጠሉና፣ ያው ጦጣ ያንኑ ድንጋጤ ሲያሳይ ለአንዱ ተመልካች ቡድን የፈራው እባብን፣ ለሌላው አበባን አስመሰሉት። በሌላ ሙከራም የአሻንጉሊት አዞና የአሻንጉሊት ጥንቸል እንዲሁ ተነጻጸሩ። ተመልካቾቹ እባብና አዞ መፍራትን ተማሩ፤ አበባና ጥንቸል መፍራትን አልተማሩም። ተፈጥሮና ትምህርት እንዴት እንደሚገናኙ በዚህ ሙከራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምን ለመማር እንደምንፈጥን ከውልደት የተሰጠን ነው፤ መማር አለመማራችን ግን ከፊታችን የቆመው አካል በሚያሳየን ላይ ያርፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለእኔ ትልቁ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ነው። አንዳንዶቹ የቤተ ሙከራ ጦጣዎች አስቀድመው፣ እባብን የማይፈራ ጦጣ በእባብ አጠገብ ተረጋግቶ ሲቀመጥ እንዲያዩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የሚፈራውን ጦጣ ቢያዩም አብዛኞቹ ፍርሃቱን አልወሰዱም። ተመራማሪዎቹ ይህን ከክትባት ጋር አመሳሰሉት። እንግዲህ በማየት የሚጋባው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ መረጋጋትም ይጋባል፤ ቀድሞ የገባውም ዘግይቶ ለሚመጣው ቦታ አይለቅም።

«ይህ የጦጣ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። የሰውን ልጅ እንመልከት። ጄምስ ሶርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት በመስተዋት በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ከመስተዋቱ በታች መሃል ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ የሚል ደረጃ ይታያል፤ በጣም የሚያስፈራም፣ ጭራሽ የማያስፈራም ያልሆነ፣ ሕፃኑን የሚያጠራጥር ከፍታ ነው። እናት በማዶ ቆማለች። ፊቷ በደስታ የበራላቸው 19 ሕፃናት ሲሆኑ 14ቱ ተሻገሩ። ፊቷ ላይ ፍርሃት ያዩት 17 ነበሩ፤ አንዱም አልተሻገረም። እናቶቹ ቃል አልተናገሩም። ሕፃኑ በተጠራጠረ ጊዜ መልሱን ያነበበው ከእናቱ ፊት ነው።

ልጅ አፍ ሲፈታ ደግሞ ሦስተኛ በር ይከፈታል። አንዲ ፊልድና ተባባሪዎቹ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት አይተዋቸው የማያውቁ የአውስትራሊያ እንስሳትን ሥዕል አሳዩና ስለ አንዱ ክፉ ክፉውን፣ ስለ ሌላው ደግ ደጉን ተረኩላቸው። ከዚያ እንስሳቱ አሉባቸው በተባሉ ሣጥኖች ውስጥ እጃቸውን እንዲያስገቡ ሲጠየቁ፣ ልጆቹ ክፉ ወደተወራበት እንስሳ ሣጥን እጃቸውን ለመስደድ አመነቱ። ተረቱ ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም ነበር።

በእኛ አገር ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሲያለቅስ «አያ ጅቦ መጣልህ» ያልተባለ ልጅ በመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ። (ሳቅ) አያችሁ? ብዙዎቻችን ከፍርግርግ ወዲህ ሆነን ካልሆነ በቀር ጅብ በቅርብ አላየንም። በጨለማ ብቻችንን ስንሄድ ግን ከኋላችን ምን እንደሚከተለን እናውቃለን። ልጁ የጅቡን ስም የሚሰማው ከጨለማ፣ ከብቸኝነትና ከመበላት ጋር ተጣምሮ ነው፤ የሚነግሩትም በዓለም ላይ አብልጦ የሚያምናቸው ሰዎች ናቸው። ዋትሰን መዶሻ አስፈልጎት ነበር፤ እኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃናል። ጅብ በእርግጥ ሰው የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ የእረኛና የመንገደኛ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ያው እንስሳ በሐረር ምን እንደሆነ ተመልከቱ። በጀጎል ግንብ ላይ ጅቦች ገብተው የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቦችን በስማቸው እየጠሩ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ፤ በዓሹራ በዓልም ገንፎ ይቀርብላቸዋል። እዚያ ያለ ልጅ ጅብን የሚያውቀው ከአፉ ሥጋ ከሚያጎርሰው ሰው እጅ ጋር አብሮ ነው፤ ማይኔካ «ክትባት» ያለችውን በየምሽቱ ያያል ማለት ነው። የሐረር ልጅ ከሌላው በተፈጥሮው ደፋር ሆኖ አልተወለደም። እርግጥ እዚያም ቢሆን ለጅብ የሚሰጠው ቦታ አክብሮትና ጥንቃቄ የተቀላቀለበት ነው።

አንድ የፍርሃት ዓይነት ግን ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ያፈነግጣልና ለብቻው ላነሣው እወዳለሁ። የደም፣ የመርፌና የቁስል ፍርሃት ነው። በሌሎች ፎቢያዎች ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊት ይወጣል። በዚህኛው ግን ግፊቱ ለአፍታ ከፍ ካለ በኋላ ግፊትም የልብ ምትም በድንገት ይወርዳሉ፤ ሰውየውም ራሱን ስቶ ይወድቃል። በቤተሰብም ከሌሎቹ ይልቅ አብዝቶ ይታያል። ከዓመታት በፊት አንድ የሕክምና ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ትምህርቱን ሊያቋርጥ እንደወሰነ ነገረኝ። «መምህር፣ ደም ባየሁ ቁጥር እወድቃለሁ፤ ፈሪ ሰው ሐኪም አይሆንም» አለኝ። አባቱም ሲከተቡ ይወድቁ እንደነበር ስጠይቀው ትዝ አለው። የነገርኩት የሰውነቱ ምላሽ ከፈሪነት ጋር እንደማይገናኝ፣ ኦስት ያዘጋጀውም ቀላል ዘዴ እንዳለ ነው። የእጅ፣ የእግርና የደረት ጡንቻን ፊት እስኪሞቅ ድረስ ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ አጥብቆ መወጠር፣ ከዚያ ወደ ነበረበት መመለስ፣ ከ20 እስከ 30 ሰኮንድ ቆይቶ መድገም። ውጥረቱ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ ይይዘዋል። ልጁ ለሳምንታት ተለማመደው፤ ዛሬ ሐኪም ነው። ይህን የምናገረው እሱን የመሰሉ ሌሎች ያለ ነጋሪ ትምህርታቸውን ትተው እንደሚሄዱ፣ መርፌ ሽሽትም ከጤና ጣቢያ የሚቀሩ ሕሙማን እንዳሉ ስለማውቅ ነው። በየቤቱ «ዝም ካላልክ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» ሲባል የምንሠራው ምን እንደሆነ ከላይ ካወራነው ጋር አስተያዩት።

ስለ አንጎል ሳልናገር ባልፍ ከነርቭ ሳይንስ ክፍል የመጡ ባልደረቦቼ አይለቁኝም፤ ስለዚህ በአጭሩ። አሚግዳላ የሚባሉት፣ በአንጎል ግራና ቀኝ የሚገኙ ትናንሽ ክፍሎች፣ ከውጭ የሚመጣን አደጋ ለይቶ ሰውነትን በማንቃት ረገድ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ኤስ ኤም በሚል ምሕጻር የምትታወቅ ሴት እነዚህ ክፍሎች በብርቅዬ በሽታ ተጎድተውባት፣ እባብ እንደምትጠላ እየተናገረች በእንስሳት መሸጫ ሱቅ እባብ ይዛ ስትዳስስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ዘግበዋል። ይህን የሰሙ አንዳንዶች አሚግዳላን «የፍርሃት ማዕከል» ብለው ደመደሙ። ከ2 ዓመት በኋላ ግን ያችው ሴት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ስትስብ በከባድ ድንጋጤ ተዋጠች። ትንፋሽ የማጣት ፍርሃት በሌላ መንገድ የሚሄድ ይመስላል። ከአንጎል ውስጥም ቢሆን ፍርሃት አንድ ቤት የለውም።

እስካሁን የተናገርኩት ፍርሃት እንዴት እንደሚገባ ነው። ለምን አይወጣም የሚለው የተለየ ጥያቄ ነው፤ በሕክምናም በኩል ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ይጠቅማል። ውሻ የሚፈራ ሰው ውሻ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። በቀየረ ቅጽበት ልቡ ያርፋል፤ ያቺ ዕረፍት ሽልማት ናት። የተሸለመ ሥራ ይደገማል፤ በተደገመም ቁጥር ሰውየው ውሻው ምንም ሳያደርገው ሊያልፍ ይችል እንደነበር የሚያይበት ዕድል ያመልጠዋል። ኦርቫል ማውረር ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1947 አብራርቶታል። ስለሆነም አንድ ሰው የፍርሃቱን መነሻ ፈጽሞ ባያስታውስም ሊረዳ ይችላል፤ ሽሽቱ ዛሬም ከፊታችን አለና።

የዋትሰንን ሙከራ ሁሉም ያውቃል፤ ሜሪ ካቨር ጆንስ ከ4 ዓመት በኋላ የሠራችውን ግን በክፍል ውስጥ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ መልስ አላገኝም። ጆንስ ፒተር የተባለ የ3 ዓመት ገደማ ልጅ ጥንቸል መፍራቱን አገኘች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏ ከሩቅ ትቀመጣለች፤ ከቀን ወደ ቀን በጥቂት በጥቂቱ ትቀርባለች። በመጨረሻ ፒተር በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ዳሰሳት። ዘገባውን ስናነብ ከምግቡ ጋር ሌላም ነገር እንደነበረ እናገኛለን፦ ጥንቸል የማይፈሩ ሌሎች ልጆች በዚያው ክፍል አብረውት ይጫወቱ ነበር። ጆንስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1924 ስታሳትም የማይኔካ ጦጣዎች ገና 60 ዓመት ይቀራቸው ነበር።

የዛሬው ሕክምናም በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ የሚፈራውን ነገር ከባለሙያ ጋር ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ ነው፤ ለአንዳንድ ቀላል ፎቢያዎችም እስከ 3 ሰዓት በሚደርስ አንድ ቀጠሮ ብቻ ትልቅ ለውጥ ይገኛል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። የማርክ ቡተን የረጅም ዘመን ሥራ እንዳሳየው የከሰመ ፍርሃት አይፋቅም፤ ከጎኑ «አሁን አያሠጋም» የሚል አዲስ ትምህርት ይጻፋል። አዲሱ ትምህርት ደግሞ ከተጻፈበት ቦታ ጋር ይጣበቃል። በክሊኒክ ውስጥ ከውሻ ጋር የታረቀ ሰው በሰፈሩ ቅያስ ውሻ ሲያጋጥመው የድሮው ድንጋጤ ሊመለስበት ይችላል። ጥሩ ሐኪም ልምምዱን በልዩ ልዩ ቦታ፣ በልዩ ልዩ ውሻ፣ በቀንም በማታም የሚያስደግመው ለዚህ ነው፤ የተመለሰ ፍርሃትም ሕክምናው ከንቱ ነበር ማለት እንዳልሆነ ለታካሚው አስቀድሞ መንገር ይገባል።

የተሰጠኝ ጊዜ እዚህ ላይ አብቅቷል። በሰው ፊት የመናገር ፍርሃትን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ «ይሉኝታ» ከምንለው ጋር ያለው ግንኙነት ራሱን የቻለ ገለጻ ያሻዋል፤ በጥያቄ ጊዜ ብታነሡት ደስ ይለኛል። ከኋላ ያላችሁ ድምፅ ማጉያው ይደርሳችኋል።